ከአዳማ ወደ አዋሽ፦ በወንዝ ዳር አጋዘንና ሳላ የማሰሻ የአንድ ቀን መመሪያ

ብዙ ሰው አዋሽ ፓርክ ደርሶ ይመለስና «ምንም አላየንም» ይላል። ፏፏቴው ጋ ፎቶ ይነሳል፣ ሁለት ከርከሮ ጭራቸውን ቀስረው መንገድ ሲያቋርጡ ያያል፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉዞዎች እኔም እንዲሁ ነው የተመለስኩት። በአራተኛው አንድ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት ይሏቸዋል) ከመኪና አስወረደኝና «ቆይ፣ መጀመሪያ መሬቱን እይ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጉዞ የለም። እንስሳው ራሱ ባይታይ እንኳ የት እንዳደረ፣ በየት ወርዶ ውሃ እንደጠጣ አውቄ ነው የምመለሰው።

ይህን የምጽፈው አዳማና አካባቢዋ ላላችሁ ነው። ከደጃችን መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ይህ ሁሉ ሀብት እያለ ሳናየው ማርጀታችን ያሳዝነኛል።

የአጎቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። እዚያ አዳኞች የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት ኤልክና ዲር የሚሏቸውን የዋላ ዘሮች ለማሰስ ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ። ያን ቀን አያድኑም። ባይኖኩላርና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ዱካ ያያሉ፣ መውረጃ ያጠናሉ፣ ይመዘግባሉ። ሥራው ሲነገረኝ እኛ አዋሽ ላይ ከምንሠራው ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። የሚለየው እንስሳው ነው። እኛ አገር ዋላ የለም። በአፍሪካ ዋላ በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ጫካዎች ብቻ ነው። የእኛዎቹ አጋዘን፣ አምበራይሌ፣ ሳላ፣ ድፋርሳ፣ የሜዳ ፍየልና እንሹ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከፍየልና ከከብት ጋር ነው።

ይህ ልዩነት ለአሰሳ ሥራ ጥቅም አለው። ዋላ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና እንደ አዲስ ያበቅላል። ስለዚህ ኮሎራዶ ላይ መሬት የወደቀ ቀንድ ያገኘ ሰው «ወንዱ እዚህ ነበር፤ አሁንም በሕይወት ይኖራል» ይላል። የእኛዎቹ ቀንድ ግን ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ነው፤ ዕድሜ ልክ አይወድቅም። አዋሽ ላይ ቀንድ መሬት ላይ ካያችሁ እዚያ እንስሳ ሞቷል ማለት ነው። ለስካውቱ አሳዩ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ አታንሱት። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ፓርክ ውስጥ ማደንም ጨርሶ አይፈቀድም። እኛ የምናስሰው ለማየትና ለማወቅ ነው።

መቼ ልሂድ?

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ክረምቱ እንዳለፈ ሣሩ ረጅም ነው፤ ሳላ ቆሞ እያለ እንኳ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ኅዳር ሲጋመስ ሣሩ ይደርቃል፣ ይተኛል። በየጉድጓዱ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃም ያልቃል። ያኔ እንስሳው ወደ ወንዙ መመላለስ ይጀምራል፤ የምትፈልጉት ይህንን ምልልስ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አቤ ሐይቅ የሚቀር፣ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። በበጋ የሚፈሰው ደግሞ ከአዳማ በላይ ያለው የቆቃ ግድብ የሚለቀው ውሃ አለበት። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ይፈሳል።

ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። የመግቢያ ሰዓትና ክፍያ፣ የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ ይጠየቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ ነዋሪዎች ከቀያቸው እስከ መነሳት ደርሰው ነበር። ፈንታሌ ተራራ ፓርኩ ውስጥ ያለ እሳተ ገሞራ ነው። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ሄጄ ደህና ነበር» ብሎ መነሳት አይሠራም። በየጊዜው ይጠየቅ።

መጀመሪያ ሶደሬ ላይ ተለማመዱ

ይህንን እርምጃ አትዝለሉ። አንድ ከሰዓት ሶደሬ ሂዱ። ከአዳማ ቅርብ ነው፣ ወንዙም ያው አዋሽ ነው። ከመዋኛው ግርግር ራቅ ብላችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ስልክ አትንኩ፣ አታውሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይከብዳሉ፤ እግር ይደነዝዛል፣ ዝንብ ያስቸግራል። ወደ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ግን ጦጣዎቹ ይረሷችኋል። ወፎቹ ይመለሳሉ። ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ያልቻለ ሰው አዋሽ ፓርክ ሄዶ አንድ ሰዓት ተኩል አይቀመጥም።

ስትነሱ እርጥብ ጭቃ ላይ የራሳችሁን ጫማ አትሙ። ጠርዙን እዩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና እዩት። ትኩስ ዱካና የቆየ ዱካ እንዴት እንደሚለያይ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

ምን ልያዝ?

ባይኖኩላር። «8 በ42» የሚል የተጻፈበት ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ ጎህ ሲቀድም ብርሃን አያንሰውም። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ይበቃል እንዳትሉ፤ በተራ ማየት ማለት አንዱ ሳያይ ማለት ነው። ተዋሱ።

ልብስ አፈርማ ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ ይሁን። ነጭና ደማቅ ነገር ተዉ። ወታደራዊ ዥንጉርጉር ግን በፍጹም አትልበሱ። ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይያዝ።

ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር። ባርኔጣ። የወባ አገር ስለሆነ የትንኝ መከላከያ ቅባትና ረጅም እጅጌ። ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን፤ የግራር እሾህ ነጠላ ጫማ አይምርም።

ምግብ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ፌስታል አትያዙ። ጸጥ ባለ ወንዝ ዳር ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እንደ መድፍ ነው የሚሰማው። ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልሉት። ዳቦ ቆሎ ደግሞ በጣም እወዳለሁ፣ ግን ለመኪና ነው የማስቀምጠው፤ አድፍጦ ዳቦ ቆሎ መቆርጠም አይቻልም። ዝንጀሮ ስላለም ምግብ ከቦርሳ ውጭ አይታይ።

የመጨረሻው ዕቃ አሮጌ ካልሲ ነው። ውስጡ የተነፋ አመድ ትሞሉና አፉን ታስሩታላችሁ። መታ ስታደርጉት ትንሽ አመድ ይተናል፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስም ያሳያችኋል። ከያዝኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋ የሌለው እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ከዋዜማው ማታ

የእኔ ፍርድ ከዋዜማው በቀን ሄዳችሁ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት እደሩ የሚል ነው። ምክንያቱም ጎህ ሲቀድ ፓርኩ በር ላይ መገኘት አለባችሁ። ከአዳማ ሌሊት ተነስቶ እዚያ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ተሳቢው ብዙ ነው፣ ከወለንጪቲ ወዲያ ደግሞ ግመልና ከብት አስፋልቱ ላይ ይወጣል። አዳማ ላይ ነዳጅ ሙሉ። መንገዳችሁ ላይ በበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ በዚያ ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ መሃል ስታልፉ ቀስ በሉ። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንም ባቡር ሐዲዱንም ሲያስቸግር የኖረ ነው።

ማታውን ከመኪናው ባለቤት ጋር ተነጋገሩ። ይህንን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ በኪራይ የወሰድነው ሹፌር፣ ደግ ሰው ነው፣ ለፎቶ እንዲመቸን ብሎ ሳላዎቹን ባየ ቁጥር ክላክስ ይነፋ ነበር። ቀና እንዲሉልን ነው። አሥራ ሁለት ሳላ አንድ ላይ ተነስተው ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ አልተመለሱም። ስለዚህ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ ክላክስ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ በር በኃይል አይዘጋም፣ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት የለም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት፦ ኢላላ ሳላ

በሩ ላይ ተመዝግባችሁ ስካውት ያዙ። የፓርኩ ጠባቂዎች ስማቸው ስካውት ነው። ጠመንጃ ይይዛሉ፣ አብዛኞቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። የት በእግር መሄድ እንደሚቻል፣ የት እንደማይቻል የሚወስነው እሱ ነው። «ተው» ካለ ተዉ። ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ቁርስ አካፍሉት። እኔ የማውቀውን ግማሽ ያገኘሁት ሻይ እየጠጣሁ ነው።

ፓርኩ ወደ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በሕግ የጸናው በ1961 ዓ.ም. ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም ልዙር ያለ ምንም አያይም። ሁለት ቦታ ብቻ ያዙ፦ ሜዳውንና ወንዙን።

ሜዳው ኢላላ ሳላ ነው። የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ እዚህ ከመኪና ሳትወርዱ አሳልፉ። መኪናውን አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ዝቅ አድርጉ። ዓይናችሁን ዝም ብሎ ከማንከራተት ሜዳውን እንደ እርሻ ትልም ከፋፍሉት። ከቅርብ ጀምራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ ትልም ራቅ ብሎ ከቀኝ ወደ ግራ። ሙሉ እንስሳ አትፈልጉ። በቁም ሣር መሃል አግድም የሆነ መስመር ፈልጉ፤ ጀርባ ነው። የሚነቃነቅ ነገር ፈልጉ፤ ጆሮ ወይም ጭራ ነው።

ሳላን ለማወቅ አይቸግርም። ግራጫማ ገላ፣ ጥቁርና ነጭ የተሣለበት ፊት፣ ወደ ኋላ የተወረወረ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ። ሴቷም ወንዱም ቀንድ ስላላቸው በቀንድ ጾታ አትለዩ። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር አትጠብቁት፤ የሜዳ እንስሳ ነው። አብሮት ቂጡ ነጭ የሆነ፣ ቀላ ያለ ቀጭን እንስሳ ካያችሁ የሜዳ ፍየል ነው።

ቁጥራቸውን መዝግቡና ወደ ወንዙ ውረዱ። ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ አለባችሁ።

ነፋሱን አትርሱ

እንስሳ ሲያያችሁ ቆም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሲያሸታችሁ ግን አያስብም፣ ይሄዳል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ካልሲውን መታ አድርጉ።

የወንዝ ሸለቆ ነፋስ ልማድ አለው። ሌሊቱንና ማለዳውን ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ከዳገቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ወንዙንም ተከትሎ ይሄዳል። ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው ይገለበጣል፤ አየሩ ከወንዙ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ዝቅ ብላችሁ፣ እንስሳው ከሚወርድበት ቦታ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ተቀመጡ። ከሰዓት ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ከሜዳው ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ያኔ አመዱን ብቻ እመኑ። እኔ በየሃያ ደቂቃው መታ አደርገዋለሁ።

መልካውን ፈልጉ

አሁን ዋናው ሥራ ነው። አዋሽ በብዙ ቦታ ዳሩ ገደል ነው። እንስሳ ገደል ዘሎ ውሃ አይጠጣም። ዳሩ ዘቅዘቅ ብሎ ወደ አሸዋ ወይም ጭቃ የሚወርድበትን መልካ ይመርጣል። ጥሻው ውስጥ የተበታተኑት ቀጫጭን መንገዶች እዚያ ሲደርሱ እንደ እጅ ጣቶች መዳፍ ላይ ይገናኛሉ። ያንን መገናኛ ያገኘ ሰው ሥራውን ጨርሷል።

ግን ከውሃው ጠርዝ ራቁ። አዋሽ አዞ አለበት፤ ከላይ ቆማችሁ ከፏፏቴው በታች ያሉትን ኩሬዎች ብታዩ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። እንስሳ የሚጠጣበት ቦታ አዞም የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ዱካ ለማየት ጎንበስ ስትሉ ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ፣ አንድ ሰው ውሃውን ይይ። እጅ መታጠብ፣ እግር መንከር የለም።

ዱካውን አሁን አንብቡ። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጥላ ስላለ ጉድጓዱ ይጎላል። ዱካውን በእናንተና በፀሐይ መሃል አድርጋችሁ እዩ።

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጭቃው ላይ አንድ ዱካ አገኘችና ጠራችኝ። ሁለት ቀጫጭን ጥፍሮች፣ ወደ ፊት የሾሉ፣ ልብ የሚመስሉ፣ ከአውራ ጣቴ ትንሽ የሚረዝሙ። ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ሳሙና ስል ነበር። ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ገና እየጠነፈፈ ነው። አጠገቡ ያለው ሌላ ዱካ ግን ጠርዙ ተፍረክርኳል፣ ጉንዳን አቋርጦት የራሱን መስመር ሠርቶበታል፣ የግራር ቅጠል ወድቆበታል። «አንዱ የዛሬ ነው፣ አንዱ የትናንት» አለች። ማንም አልነገራትም። ይኸው ነው።

ከብት እንዳያሳስታችሁ ልብ በሉ። የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብትና ፍየላቸውን ይዘው እዚህ አካባቢ ለዘመናት የኖሩ ናቸው። የፍየል ዱካ ከአምበራይሌ ጋር ይመሳሰላል። መለያው አብሮት ያለው ነው፤ ፍየል በመንጋ ይሄዳል፣ ጭቃው ይቦካል፣ ከኋላ የእረኛው የጫማ ዱካ አይጠፋም። አምበራይሌ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ጥቂት ሆኖ ነው የሚሄደው፣ እግሩንም ቦታ መርጦ ነው የሚያሳርፈው። እረኛ ካገኛችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። «አካም ጅርቱ?» ማለት በቂ መክፈቻ ነው። ትናንት ማታ ምን እንደወረደ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

በጠጥም ይነበባል። የሚያብረቀርቅና እርጥብ ከሆነ ከሰዓታት አይበልጥም። ላዩ ደርቆ በእንጨት ስትሰብሩት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ የትናንት ነው። እስከ ውስጡ ከገረጣ ተዉት። በአንድ ቦታ የተከመረ ደቃቅ በጠጥ ካያችሁ የእንሹ ነው። እንሹ ትንሿ ናት፣ ከጥንቸል ብዙ አትበልጥም። ወንድና ሴት ሆነው ጥንድ ይኖራሉ፣ ወሰናቸውን በዚህ ክምር ያሳውቃሉ። በአቅራቢያው ያሉትን የደረቁ ጭራሮዎች ጫፍ እዩ። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ጠብታ ይኖራል። ከዓይኗ ሥር ካለው እጢ የተቀባ ነው። እዚያ ሃያ ደቂቃ ብትቀመጡ ባለቤቶቹ የመምጣታቸው ዕድል ትልቅ ነው።

ነጭ እንደ ኖራ የሆነ ኩስ የጅብ ነው፤ አጥንት ስለሚበላ ነው። ክብ የመዳፍ ዱካ ከሆነና የጥፍር ምልክት ካለው ጅብ ወይም ቀበሮ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሆኖ የጥፍር ምልክት ከሌለው የድመት ዘር ነው። ያኔ ዝም ብላችሁ ስካውቱን ጥሩ።

አፍንጫችሁንም ተጠቀሙበት። ድፋርሳ ፀጉሩ ቅባት አለው፣ ጠንከር ያለ ሽታ አለው። ከሄደም በኋላ የተኛበት ጥሻ ይሸታል። ድፋርሳ ከውሃ አይርቅም። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ቂጡ ላይ ነጭ ያለበት ነው።

ቁጭ ብሎ መጠበቅ

መልካው ከተገኘ ከሱ ስልሳ፣ ሰባ እርምጃ ርቃችሁ፣ ስካውቱ ባጸደቀው ቦታ፣ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ከኋላችሁ ነገር መኖሩ የሰውነታችሁን ቅርጽ ይሰብረዋል። ጥላ ውስጥ ሁኑ። ባይኖኩላሩን አንገታችሁ ላይ ሳይሆን ደረታችሁ አጠገብ በእጃችሁ ያዙት፤ ለማንሳት የምታደርጉት እንቅስቃሴ ያጥራል።

ዝንጀሮዎቹን አድምጡ። የአዋሽ ዝንጀሮ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት የሳበ ነው፤ ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ የሚባለው ወይራማው፣ ከታች በሸለቆው ነጭ ጋሜ ያለው ሐማድራያስ፣ መካከል ላይ የሁለቱ ድቅል ይኖራል። ለእኛ የሚጠቅመው ጩኸታቸው ነው። ዛፍ ላይ ሆነው ተረጋግተው ከበሉ አካባቢው ሰላም ነው። ድንገት ከጮሁና ወደ አንድ አቅጣጫ ከተመለከቱ እናንተም ወደዚያው ተመልከቱ።

ያን ቀን እኔና የእህቴ ልጅ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። ምንም የለም። እግሯን ልትዘረጋ ስትል ክንዴን ጨበጠችው። ከጥሻው ዳር አንድ ጆሮ ነበር። ጆሮ ብቻ፤ ውስጡ ሮዝ፣ ፀሐይ አልፎበት። ዞር አለ፣ ተመለሰ። ከዚያ አንድ የፊት እግር ወጣና አየር ላይ ቆመ። መሬት ለመንካት ስንት ጊዜ እንደወሰደ አላውቅም፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሴት አምበራይሌ ናት፣ ቀንድ የላትም። ጎኗ ላይ ነጫጭ መስመሮች እንደ ኖራ ክር ወርደዋል፣ አንገቷ ላይ ሁለት ነጭ ምልክት። ከኋላዋ ሌላ ሴትና ግልገል ተከተሉ። ሦስቱም ጠጥተው ተመለሱ። እኛ መኖራችንን አላወቁም። ልጅቷ እንባዋ መጥቶ ነበር፤ እኔም አልራቅኩም።

አምበራይሌን ከትልቁ የቆላ አጋዘን ለመለየት አንገት እዩ። አምበራይሌ ጉሮሮው ላይ ሁለት ነጭ ምልክት አለው፣ ጢም የለውም። አጋዘን ትልቅ ነው፣ ወንዱ ጉሮሮው ሥር የሚወርድ ጢም አለው፣ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ይረዝማል። አጋዘንን ለማየት የፈንታሌ ወገብ ይሻላል፤ አምበራይሌ ግን ጥሻና ወንዝ ዳር ይወዳል።

እንስሳው ቀና ብሎ ካያችሁ አትደንግጡ፣ አትጎንበሱም። እንዳላችሁ ድረቁ። እንደ ውሻ የሚያስተጋባ ጩኸት ከጮኸ አውቋችኋል፤ እዚያ መልካ ላይ ለዛሬ አበቃ። ተከትላችሁ አትሂዱ። በበጋ ውሃ ሳይጠጣ የሸሸ እንስሳ ከባድ ዋጋ ይከፍላል።

ቀትር

ከ5 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሁሉም ጥላ ይገባል። እናንተም ግቡ። ብሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ። ፏፏቴውን አሁን እዩ፤ ለሱ ሰዓት አይመረጥም።

ማስታወሻውንም አሁን አስተካክሉ። የእኔ እንዲህ ነው የሚመስለው፦ «2፡10፤ አምበራይሌ 3፣ ሴት 2፣ ግልገል 1፤ ከሾላው በታች ያለው መልካ፤ አመድ ወደ ወንዙ፤ ጠጥተው በመጡበት ተመለሱ።» ረጅም ታሪክ አትጻፉ። ሰዓት፣ ዓይነት፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ነፋስ፣ ከዚያ ምን እንዳደረጉ። ያልታየበትንም ጻፉ፤ «ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፣ ምንም» የሚለው መስመር በሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ሰዓት ያተርፍላችኋል።

ከሰዓት በኋላ

ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንደገና ተቀመጡ። አሁን አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቦታችሁ ከፍ ይበል። ጠዋት በተቀመጣችሁበት ብቻ አትድገሙ፤ ጠዋት ያያችሁት መንገድ ወደ ላይ ሲሄድ የት እንደሚገባ ከላይ ሆናችሁ ፈልጉ። መኝታቸው እዚያ ነው። ወደ መኝታቸው አትግቡ፣ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት የቀኑ ምርጧ ናት፤ ከባድ ውሳኔም አለባት። መተሐራ የምታድሩ ከሆነ ስካውቱ እስከፈቀደው ድረስ ቆዩ። ወደ አዳማ የምትመለሱ ከሆነ ግን 10 ሰዓት ላይ ተነሱ። ቢያስቆጭም ተነሱ። ከተሳቢ ጋር በጨለማ ከመጋፋት አንድ ምሽት ቢያመልጣችሁ ይሻላል።

ስትወጡ ለስካውቱ ያያችሁትን ንገሩት፤ በተለይ የሞተ እንስሳ፣ ወጥመድ ወይም የተኩስ ቀለህ ካያችሁ ቦታውን ጭምር። ምስጋናውንም አታጉድሉ።

ቤት ስትደርሱ ምንም ቢደክማችሁ መልካዎቹን አንድ ወረቀት ላይ ሣሉ። ወንዙን በአንድ መስመር፣ መልካውን በክብ፣ መንገዶቹን በነጥብ። ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ትጨምሩበታላችሁ። የባይኖኩላሩን መስታወት አቧራውን መጀመሪያ በትንፋሽ አራግፉ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ካልሲውን እንደገና አመድ ሙሉትና ቦርሳው ውስጥ መልሱት።